ሽማግሌውን አማካይ የሸጥኩበት ሳምንት

በዚያ ዓመት ሥራዬ እንግዳ በሌለው ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበል ነበር። ከዚያ በፊት አስጎብኚ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲመጣ ጎብኚው ቀረ፤ ጎብኚው ሲቀር የሆቴሉ ባለቤት ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው አዲስ አበባ ገቡ። ጠዋት መስኮቶቹን እከፍታለሁ፣ ማንም ያልተኛባቸውን አልጋ ልብሶች አናፍሳለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። ላሊበላ ውስጥ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ከሆቴሉ ንብረት ሁሉ ሰው የሚፈልገው ዋይፋዩን ብቻ ነበር፤ እሱም መብራት ሲኖር።

መምህሬም መምጣት የጀመሩት ለዋይፋዩ ነበር። ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ስፖርት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሙጃ ተወልደው እዚህ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው ለከተማው ቡድን በአማካይነት የተጫወቱ፣ የቀኝ ጉልበታቸው ጅማት በዚያ ጠጠራም ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ኳስ የተዉ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ተምረው ሦስት ሳምንት ይቀመጣሉ። በተዘጋ ቀን ሁሉ ከገበያው በታች ካለው ቤታቸው ተነስተው ዳገቱን ይወጡና ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ካለችው ወንበር ላይ ያርፋሉ። "እንዴት አደርክ" ካሉኝ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "ማን ተጎዳ?"

ፋንታሲን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ሊግ ከሚጫወቱት መካከል በተወሰነ በጀት አሥራ አምስት ሰው መርጠህ በስልክህ ላይ የራስህን ቡድን ታቆማለህ። የመረጥከው ሰው እዚያ እውነተኛው ሜዳ ላይ ሲያገባ ወይም ሲያቀብል አንተ ነጥብ ታገኛለህ። ተጎድቶ ከቀረ ባዶ ነው። አንዱን አምበል ታደርጋለህ፤ የእሱ ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል። በየሳምንቱ አንዱን ሸጠህ ሌላ ትገዛለህ። በከተማችን የራሳችን ሊግ ነበረን፤ የቀድሞ አስጎብኚዎች፣ ሁለት ዲያቆናት፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ አንድ ነርስ። አብዛኞቻችን ሥራ ፈተን ነበርና ነገሩን እንደ ሥራ ነበር የያዝነው። የመምህሬ ስልክ ወድቆ ከተሰበረ በኋላ እኔና እሳቸው አንድ ቡድን በጋራ ያዝን።

እኔ የምታወቀው በግምገማ ነበር። ደብተር ነበረኝ፤ ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ማን የት ቦታ ላይ እንደተጎዳ፣ ከጉዳት ሲመለስ አሠልጣኙ በስንተኛው ደቂቃ እንዳስወጣው እጽፍበት ነበር። ሌሎቹ ዓርብ ዓርብ እየደወሉ ያማክሩኛል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን እኔና መምህሬ በአንድ ተጫዋች ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከርን። በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ ሽማግሌው ነበር የምንለው። ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ግራ እግረኛ፣ ቅጣት ምትና ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው እሱ። ጤነኛ ሲሆን እንደሱ ኳስ የሚያቀብል አልነበረም። ችግሩ ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ማነሱ ነው።

"መምህር፣ ይሄ ሰው አይያዝም" አልኳቸው። ደብተሬን ገልጬ አስረዳሁ። ቁርጭምጭሚት አያስፈራኝም። አጥንትም ከገጠመ ገጠመ ነው። የምፈራው ቋንጃን ነው፤ ቋንጃ አንዴ ከሄደ መመላለስ ይወዳል፣ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሽማግሌው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቋንጃውን ይዞ ከሜዳ ወጥቷል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ካለ አንዱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚያሳልፈው። የሰው ዋጋ በችሎታው ሳይሆን ሜዳ ላይ በሚቆይበት ደቂቃ ነው መታሰብ ያለበት አልኩ። እሱን ትተን ወጣት አማካይ ብንገዛ በሚተርፈን ተከላካያችንን እናጠናክራለን።

መምህሬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ደብተሩን ከድነው ወደ ጎን ገፉትና የሽማግሌውን ጨዋታ በስልኬ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ቪዲዮው እየቆመ እየተነሳ ነበር የሚሄደው።

"ሲሮጥ አትየው" አሉኝ። "ሲሮጥ ሁሉም ጤነኛ ነው። ሲቆም እየው።"

እግሩን ያላመነ ሰው ለመቆም ሦስት አራት ትንንሽ እርምጃ ይፈልጋል፣ ያመነ ሰው በአንዱ ይቆማል ብለው አስረዱኝ። ይህን ያወቁት ከራሳቸው ጉልበት ነው። ከሁለተኛው ጉዳት በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሮጠው ሰው ሁሉ ድኗል ሲል፣ እሳቸው ግን ኳስ ይዘው ድንገት መቆም ሲያቅታቸው ነው ማብቃቱን የተረዱት። ሽማግሌው በቪዲዮው ላይ በአንድ እርምጃ ይቆም ነበር። ገዛነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ካገኘነው ነጥብ ትልቁን ያመጣልን እሱ ነበር፤ የከተማውን ሊግ እየመራን ጥቅምት ገባ።

በጥቅምት ለይምርሐነ ክርስቶስ በዓል መምህሬ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ሄዱ። ሲነጋ ተነስተው ከሰዓት በኋላ የሚደርሱበት መንገድ ነው። እኛን ተማሪ ሳለን ሁለት ጊዜ ወስደውናል፤ ዳገቱ ላይ ከሁላችን ቀድመው ይደርሱ ነበር። ከበዓሉ ከተመለሱ ከሦስት ቀን በኋላ ሆቴሉ መጡ። ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ከበሩ በታች ድንጋይ ደረጃ አለ። ደረጃውን ሲጨርሱ አንድ የማውቃቸው ቄስ አገኟቸውና መስቀል ለመሳለም ቆሙ። ለመቆም አራት ትንንሽ እርምጃ ፈጀባቸው።

አየሁ። ምን እንዳየሁም አውቄያለሁ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ስጠይቃቸው "የድሮዋ ጉልበት ናት፣ መንገዱ አስቆጥቷታል፤ አብሽር" አሉኝ። እኔም አብሽር ብዬ ተውኩት።

በኅዳር ሱሪያቸውን ጠቅልለው አሳዩኝ። ሆቴሉ ጀርባ በረንዳው ላይ ነበርን። እብጠቱ ጉልበቱ ላይ አልነበረም። ከጉልበቱ በላይ፣ በጭናቸው የውስጥ ጎን፣ የግማሽ ብርቱካን ያህል ሆኖ ወጥቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ነካሁት፤ ጠጣር ነበር፣ ይሞቃልም። ሲተኙ እንደሚብስባቸው፣ ሕመሙ ከሥጋው ሳይሆን ከአጥንቱ ውስጥ እንደሚነሳ ነገሩኝ።

"ይሄ ጉልበት አይደለም፣ መምህር።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም።"

በሊጋችን ውስጥ ያለውን ነርስ ጠራሁት። መጥቶ ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። ይህ እዚህ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ቶሎ ደሴ ይሂዱ አላቸው። ወደ ደሴ የሚወስደው የጋሸና መንገድ ግን በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። የተነሳ መኪና ይድረስ አይድረስ አይታወቅም። ባለቤታቸው ደግሞ ለገና የሚመጡ ምእመናንን በቤታቸው ያሳድሩ ነበር፤ የዓመት ተስፋቸው እሱ ነው። መምህሬ ከገና በኋላ ልሂድ ማለት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ከገናው በፊት መንገዱ ለአራት ቀን ተከፍቶ ነበር። ሰምቻለሁ። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ያን ቀን ዳገቱን እያረፉ ወጥተው መጥተው ጠየቁኝ።

"ምን ይመስልሃል? ልሂድ ወይስ በዓሉን ላሳልፍ?"

ደብተር አልገለጥኩም። "መንገዱ አያስተማምንም፤ ከገና በኋላ ይሻላል" አልኳቸው። በእርግጥ መንገዱ አያስተማምንም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያልኩት በመንገዱ ምክንያት አይደለም። ያ ሁሉ ባዶ ክፍል ባለበት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሰው ድምፅ የእሳቸው ብቻ ነበር። ከሄዱ የሚመጣ አልነበረም። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ይህን ያኔም አውቀው ነበር እላለሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ሽማግሌውም በዚያው ሰሞን ቋንጃውን ይዞ ወጣ። ስድስት ሳምንት ተባለ። እንሽጠው አልኩ። መምህሬ እንቢ አሉ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ስድስት ሳምንት ምን አላት አሉ። በሊጉ ሰንጠረዥ ወደ ሦስተኛ ወረድን። ስለዚህም ትንሽ አኩርፌያቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያበጠ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ከተቀመጡ ሰው ጋር ስለ ነጥብ መኮራረፍ።

ገና ከድሮው ያነሰ ሰው ይዞ መጣ፤ ቢሆንም መጣ። መምህሬ ወደ ቤተ ማርያም መውጣት አልቻሉም። ካህናቱ ቤዛ ኵሉ ሲሉ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በድምፅ ማጉያው ሰሙት። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። አላለቀሱም፤ በእጃቸው ጭናቸውን እየያዙ ይሰሙ ነበር።

ከገና በኋላ ሚኒባስ ተገኘና ከባለቤታቸው ጋር ሄዱ። አብሬ አልሄድኩም፤ ቁልፉን ለማን ልስጥ አልኩ። ጋሸና ላይ መኪናው ግማሽ ቀን እንደቆመ፣ መምህሬ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው መውረድ ስላቃታቸው ወንበሩ ላይ እንዳረፈዱ በኋላ ከባለቤታቸው ሰማሁ። ደሴ ከገቡ በኋላ ስልክ ሳይሠራ ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ሐሙስ ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

"የአጥንት ካንሰር ነው አሉ። እግሩን ከጭኑ ላይ ነው የሚቆርጡት አሉ፤ ሰኞ። ቆይታችኋል አሉን።"

ቆይታችኋል የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ዓርብ ዋይፋዩ ነበር። ቡድናችንን ከፈትኩ። ሽማግሌው ወደ ልምምድ ተመልሷል፣ ምናልባት ከተቀያሪ ወንበር ሊነሳ ይችላል ይል ነበር ዜናው። በፋንታሲ ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው መጠበቅ ነው የሚሻለው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለሌላ ሰው እንዲያ ነበር የምመክረው። እኔ ግን ሸጥኩት። በቦታው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ገዛሁ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ "ዕድሜ፣ ቋንጃ፣ ደቂቃ" ብዬ ምክንያቱን ጻፍኩ። ምክንያቱ ግን አልነበረም። በስሙ አጠገብ ያለችውን የጉዳት ምልክት እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌው ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ሁለት አገባ።

እሑድ ከሰዓት በባለቤታቸው ስልክ መምህሬ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን በውስጡ ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት ነገር ነበረበት። ከጎናቸው የተኛው ሕመምተኛ ልጅ ውጤቱን ነግሯቸው ኖሯል።

"አየኸው ወይ?"

"አየሁት፣ መምህር።"

"አላልኩህም? አምበል አድርገኸው ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ስልኩን ባለቤታቸው ተቀበሏቸው። ያን ቀን በክፍሉ ለተኛው ሰው ሁሉ፣ ለሐኪሞቹም ጭምር፣ እንግሊዝ አገር አንድ ሽማግሌ አለኝ እያሉ ሲያወሩ እንደዋሉ ነግረውኛል። ሰኞ እግራቸው ተቆረጠ።

በመጋቢት ተመለሱ። ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ከስተዋል፣ ፊታቸው ወይቧል፤ ክራንቹን ግን እንደ ተማሪ በአንድ ሳምንት ለመዱት። ስለ ፋንታሲ ሲያነሱ ዋይፋዩ የለም እያልኩ አልፍ ነበር። በሚያዝያ አንድ ቀን ሳይነግሩኝ ባጃጅ ይዘው ሆቴሉ መጡ። የድንጋይ ደረጃውን እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ እሳቸው አንድ በአንድ ወጡት። የድሮው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ሻይ ላፈላ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። ስልኬ እንግዳ መቀበያው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነበር።

ስመለስ ስልኩን ይዘውታል። ጣታቸው ላዩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። ሻዩን አስቀመጥኩ። ቀና አላሉም።

"ሸጠኸዋል" አሉ።

"አዎ፣ መምህር።"

"መቼ?"

መዋሸት አሁንም ይቻል ነበር፤ ስልኩ ቀኑን ባያሳይ። "እግርዎ ሊቆረጥ ሲል፤ ዓርብ ዕለት" አልኩ።

"ምን አይተህ?"

ቋንጃው፣ ዕድሜው፣ ከጉዳት ሲመለስ የሚሰጡት ደቂቃ ማነሱ፤ ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን እንደ ተማሪ ደገምኩላቸው። ስጨርስ ስልኩን ቦታው መልሰው አስቀመጡትና ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ለእኔስ ስንት ሳምንት ገምተህ ነበር?"

"አላውቅም፣ መምህር።"

"ታውቃለህ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "አንተ ሳትገምት የምትውል ሰው አይደለህም።"

አንድ ቁጥር ነበረኝ። ደሴ ሳሉ፣ ነርሱ ካንሰሩ ወደ ሳንባ ከሄደ ምን እንደሚሆን ከነገረኝ በኋላ፣ ሳላስበው በውስጤ ቆጥሬዋለሁ። ያን ቁጥር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሻያቸውን ጠጡ። ሽማግሌውን መልሰን እንግዛው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ተወው፤ አሁን ተወዷል" አሉ። እውነትም ተወዶ ነበር። ሁለታችንም ልንስቅ ይገባን ነበር፤ አልሳቅንም። ባጃጁ ሲመጣ ደረጃውን ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አላስለቀቁኝም። ከዚያ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱትም፤ ስለ ሌላ ሌላው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ስለ ሙጃ ገበያ አወራን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያዩኝ የሆነ ነገር እንደሚጠብቁ ይሰማኝ ነበር፤ ምናልባትም እሳቸው ምንም አልጠበቁም።

ግንቦት ሲያልቅ ሳላቸው ጸና። ደሴ እንመለስ ቢባሉ እንቢ አሉ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት፣ ባለቤታቸው ውኃ ሊያጠጧቸው ሲያነሷቸው ዐረፉ። የእንግሊዝ ሊግ ካለቀ ቆይቶ ነበር። አምስተኛ ሆነን ነው የጨረስነው፤ አልጠየቁኝም፣ አልነገርኳቸውም። ሬሳውን የተሸከሙት የድሮ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ እኔም ተፈራርቄ ተሸክሜያለሁ። ሳጥኑ እንዳሰብኩት አልከበደም። ከሊጋችን ያሉት ሁለቱ ዲያቆናት ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ እግር ሲረግጥ ብቻ ይሰማል።

ሐምሌ ላይ፣ ለአርባቸው ዝግጅት ላግዝ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ለጠላው የሚሆን ብቅል ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አስጥተው፣ ዶሮ እየከለከሉ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን ሆቴሉ ቁጭ ብላችሁ ስለ ምን ነበር የምታወሩት ብለው ጠየቁኝ። እሱን ስጠይቀው ስለ ኳስ ነው ይለኛል፣ ኳስ ይህን ያህል ይወራል ወይ አሉ።

ስለ ፋንታሲው አስረዳኋቸው። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ቋንጃው፣ ሲቆም እየው ስላሉኝ ነገር፣ መንገዱ ስለተከፈተባቸው አራት ቀናት፣ ዓርብ ስለሸጥኩት፣ እሑድ ስለዋሸሁት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከገና በኋላ ይሻላል ያልኩት እኔ እንደሆንኩም። ፊታቸውን አላየሁም፤ ብቅሉን ነበር የማየው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንዲት ዶሮ በእጃቸው ከለከሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ያ ሰውዬ አሁንም ይጫወታል?" አሉ።

ክለቡ እንዳሰናበተው፣ ወደ ሌላ አገር ሄዷል መባሉን፣ እዚያም ገና እንዳልተሰለፈ ነገርኳቸው።

"ጤና ይስጠው" አሉ።

ከዚያ ሰማዩን አይተው ተነሱ። ከአሸተን ተራራ በኩል ደመናው ወርዶ ነበር። ሸራውን በአንድ ጎን እሳቸው፣ በሌላው ጎን እኔ ይዘን፣ ብቅሉ እንዳይፈስ ወደ መሃል ሰብስበን ወደ ቤት አስገባነው።